ቅመሱልኝ እና አመዶ

የልጅቷን ትክክለኛ ስም የሚያስታውስ የሰፈር ሰው ጥቂት ነበር። ሁሉም የሚያውቃት «ቅመሱልኝ» በሚለው ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ገና ከምድጃ የወጣ ዳቦ በሳህን ይዛ፣ በፎጣ ሸፍና፣ በር በር እየዞረች «እስቲ ቅመሱልኝ» ስትል ስላደገች ቅጽል ስሙ በዚያው ጸናባት።

ጎረቤቶቿ ይወዷታል፤ ይፈሯታልም። ሳህኑ ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቅ የለማ! አንድ ጊዜ የካሮት ቅጠል የገባበት ብስኩት፣ ሌላ ጊዜ ሽንኩርት በማር ጠብሳ የሞላችበት ዳቦ አብልታቸዋለች። ፊት ለፊቷ የሚኖሩት አሮጊት «ይቺ ልጅ አንድ ቀን የበር ቁልፍ ጋግራ ሳታበላን አትቀርም» እያሉ ይስቃሉ፤ ሳህኑ ሲመጣ ግን ቀድመው እጃቸውን የሚዘረጉት እሳቸው ናቸው።

ቀን ቀን መነጽር ቤት ትሠራለች። ሌንስ ትወለውላለች፣ የላላ ብሎን ታጠብቃለች፣ ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ በቀጭን ዱላ እየጠቆመች «ይሄስ ይታይዎታል?» ትላለች። እጇ እዚያ ይሁን እንጂ ልቧ ቤት ነው፤ ጨርቅ ለብሶ ኩፍ የሚለው ሊጥ ጋ። ደንበኛ ከሌለ ቁጭ ማለት አይሆንላትም፤ የተጠረገውን መስታወት ደግማ ትጠርጋለች፣ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።

እናቷ «አንቺን ስወልድ እሾህ ላይ ነው መሰለኝ ያስተኛሁሽ» ትላታለች።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሙዝ ነው። አንድ ደንበኛ መነጽሩን እየሞከረ፣ ጥሬ ሙዝ ደርቆ ቢፈጭ ዱቄት እንደሚወጣው ሲያወራ ሰማችው። በቃ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ሙዙን ልጣ፣ በስሱ ከትፋ፣ ጣሪያው ላይ አሰጣች። ሲደርቅ በከረጢት አድርጋ ወፍጮ ቤት ፍለጋ ወጣች።

አንዱ «ድንጋዬን ልታጣብቂብኝ ነው?» ብሎ መለሳት። ሌላው ከረጢቱን ከፍቶ አየና ሳቀባት። መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ወፍጮ ቤት ስትደርስ ተናዳ፣ አልቧት፣ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር።

ከውስጥ የወጣው ወጣት፣ የባለወፍጮው ልጅ፣ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሷል። ያልነጣው ዓይኑ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ «አመዶ» ይለዋል።

«ምን ልፍጭልሽ እህቴ?»

«ሙዝ።»

«ምን?»

«ጥሬ ሙዝ ነው ወንድሜ፤ ግን ደርቋል። እይ!» አንዱን ቁራጭ በጣቶቿ መሃል ሰበረችው። ቀጭ አለ።

ድምፁን ሲሰማ ፈገግ አለ። «ሙዝ ይፈጫል እንዴ?»

«እኔስ አንተን ልጠይቅ አይደል የመጣሁት!»

ሳቀ። ስቆ ግን አልመለሳትም። የሰዉን እህል ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ድንጋዩን ጠርጎ የሷን ፈጨላት። ዱቄቱ ሲወርድ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው።

«ሐር ነው» አላት።

ስለ ዱቄት እንዲህ የሚያወራ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ከረጢቱን ሁለት ጊዜ ከፍታ ነካችው። ልክ ነው፤ ሐር ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚፈጭ ነገር አላጣችም። የተቆላ ሽምብራ፣ የዱባ ፍሬ ከስንዴ ጋር፣ የደረቀ ስኳር ድንች፤ ሰበቡ ብዙ ነው። በሄደች ቁጥር ያለፈውን ዱቄት ዳቦ አድርጋ ይዛለት ትመጣለች። እሱም ሞተሩን ያጠፋና ጆንያ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ያኝካል። እሷ ከፊቱ ቆማ ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው እየተቀያየረች ትጠብቃለች።

«ቀረፋው አልበዛም?»

«ልክ ነው።»

«ማሩስ?»

«እሱም ልክ ነው። ግሩም ነው።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። እሷ ደግሞ ዓይኑ ሲያርፍባት የምትጠይቀው ጥያቄ ይጠፋባታል። ከውጭ ደንበኛ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ሲጣራ ሁለቱም ይደነግጣሉ።

በዚህ መሃል ትልቅ ነገር መጣ። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ኬክ ቤት ኮስታራ ባለቤት ስለ ቅመሱልኝ ሰምታ «ዳቦሽን አምጪና ልቅመሰው፤ ከወደድኩት እሸጥልሻለሁ» አለቻት። ልጅቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ከወፍጮ ቤቱ ጥሩ የተባለውን የስንዴ ዱቄት ወሰደች፣ ሌሊቱን ሊጥ አሳደረች፣ ጠዋት ጋገረች።

ችግሩ፣ ጉንፋን ይዟት ነበር። አፍንጫዋ ድርግም ብሎ ተዘግቷል። ዳቦው መልኩ ያምራል፤ ጠረኑ ግን ምን እንደሆነ አታውቅም። እናቷ ደግሞ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ስለዚህ በቀጥታ ወደ አመዶ ሮጠች።

«አንተ አሽትተህ ንገረኝ። ዛሬ እኔ የለሁም። አፍንጫዬ አንተ ነህ።»

ቁራሹን ተቀበላት። አፍንጫው ሥር ያዘው። ለቅጽበት አንድ ነገር ሊናገር አፉን የከፈተ መሰለ። ከዚያ ፊቷን አየ።

«ግሩም ነው» አላት።

ኬክ ቤቱ በደንበኛ ጢም ብሎ ነበር። ሴትዮዋ ዳቦውን ቆርሳ ወደ አፏ አስጠጋች፤ ሳታስገባው ፊቷ ተኮማተረ። እንደምንም ነክሳ በናፕኪን ተፋችው። «ልጄ፣ ሻግቷል እኮ! ይሄን ለሰው ልታበዪ ነው?» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞረ።

ቅመሱልኝ ሳህኑን እዚያው ጥላ ወጣች። እንባዋን በእጇ እየጠረገች፣ የሚያያትን ሰው ሳታይ፣ እየሮጠች ወፍጮ ቤት ደረሰች።

«አልሸተተህም?»

አመዶ እጁ ላይ ያለውን ዱቄት አራገፈ። ወፍጮው ይጮኻል።

«እጠይቅሃለሁ እኮ! በእጄ ሰጠሁህ፤ አፍንጫህ ሥር ይዘህ ግሩም ነው አልከኝ!»

ሄደና ሞተሩን አጠፋ። ጩኸቱ ሲቆም ቤቱ ባዶ የሆነ መሰላት።

«አይሸተኝም» አለ።

«ምኑ?»

«ምንም። ያንቺ ዳቦ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ከባድ ትኩሳት ካመመኝ ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር አላውቅም። ማር ይጣፍጠኛል፤ ማር መሆኑን ግን ዓይኔ ነው የሚነግረኝ። ስንዴው እርጥበት ሳያገኘው አልቀረም። ደርቆ ሲታይ ደህና ነበር።»

«አባትህ ያውቃሉ?»

«እህል በአፍንጫ ነው የሚታወቀው ብሎ ያሳደገኝ ሰው? እንዴት ብዬ ልንገረው።»

ቅመሱልኝ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። «እና ቀረፋው ልክ ነው፣ ማሩ ልክ ነው ስትለኝ የነበረው?»

«ስትጠይቂኝ ፊትሽን ነበር የማየው። ፊትሽ ልክ ነው ካለ ልክ ነው እላለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ብነግርሽ ዳቦ ይዘሽ መምጣት ትተዪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ…»

«ነቀዘ! ይኸው ነቀዘ!» ብላው ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የሰይጣን ነበሩ። መነጽር ቤት ውስጥ ትንጎራደዳለች። ቤት ስትገባ ሊጥ ታቦካለች፣ ሳትጋግረው ትደፋዋለች። ጉንፋኑም አልለቀቃት። አንድ ማታ እናቷ ያቀረበችላትን ስትበላ ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጨው አለው፤ ትኩስ ነው፤ ሌላ ምንም ነገር የለውም። ተነስታ የቀረፋውን ቆርቆሮ ከፈተችና አፍንጫዋን ከተተችበት። ምንም። የቫኒላውን ጠርሙስ። ምንም። የቡናውን ጣሳ፣ የሳሙናውን ቁራጭ፤ ሁሉንም አሸተተች።

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ እንደዚሁ ቢቀርስ?»

«ጉንፋን ነው እኮ! ነገ ከነገ ወዲያ ይለቅሻል።»

ይለቃት ይሆናል። አመዶን ግን አልለቀቀውም። በዚህ ባዶ ዓለም ውስጥ ተቀምጦ፣ ያመጣችለትን ሁሉ እያኘከ፣ ፊቷን እያየ «ግሩም ነው» ሲላት ኖሯል። ልታዝንለት ፈለገች፤ ንዴቷ እምቢ አለ። ልትናደድበት ፈለገች፤ ሐዘኗ እምቢ አለ። በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞራ አለፈች፤ ግን አልገባችም። ወፍጮው ሲያጉረመርም ብቻ ሰምታ ሄደች።

ጉንፋኑ በለቀቃት ሰሞን ያቺ የኬክ ቤቱ ባለቤት መነጽር ቤት ገባች። የመነጽሯ እግር ላልቶባት ነው። ቅመሱልኝን ስታያት ቆም አለች።

«አንቺ እዚህ ነው የምትሠሪው? ለካ ስፈልግሽ አፍንጫዬ ሥር ነበርሽ!»

ልጅቷ አቀርቅራ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረች።

«አንድ ዱቄት የለበሰ ሰው ኬክ ቤቴ መጥቶ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ሰው በተሰበሰበበት መሃል ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ስንዴው የሻገተው እኔ ቤት ነው። ጉንፋን ይዟት አሽትትልኝ ስትለኝ የዋሸኋት እኔ ነኝ። እኔ አፍንጫ የለኝም፤ እሷ ግን እጅ አላት› አለ። ከዚያ በሩን ሳያገኘው መስታወቱን ሊገጨው ነበር። ሰዉ ሳቀበት፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ደግመሽ አምጪልኝ፤ እቀምሳለሁ።»

ቅመሱልኝ የጠበቀውን ብሎን ደግማ ልታጠብቅ ስትል የመነጽር ቤቱ ባለቤት ከወዲያ ጥግ «ልጄ፣ የሰው መነጽር ሳትሰብሪ ወደምትሄጂበት ሂጂ» አላት። ከነሽርጧ ወጥታ በረረች።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ግን አመዶ የለም። በሱ ቦታ አባቱ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱን ጆንያ ከፍተው፣ እጃቸውን ከተው፣ እፍኝ አውጥተው ያሸታሉ። ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ ነሽ የሙዟ?»

«አዎ አባባ።»

«የልጄን ነገር ኬክ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው እኔ የሰማሁት። እንግዲህ ምን ላድርገው? ዓይን የሌለው ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ትንፋሽዋን ሰብሰብ አደረገች። «እኛ ዓይኑ ለደከመ መነጽር እናደርግለታለን እንጂ መንገድ ላይ አንጥለውም አባባ።»

«ለአፍንጫ መነጽር አለ?»

«እስኪገኝ ድረስ እርስዎ አሉለት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊቆጧት ፈልገው የነበረ ይመስላል፤ ከአፋቸው የወጣው ግን «ከጓሮ ነው፤ ጆንያ እየጫነ ነው» የሚል ነበር።

አመዶ ሲያያት የተሸከመውን ጆንያ መሬት ላይ ለቀቀው። ዱቄቱ ቡን ብሎ ሁለቱንም አለበሳቸው።

«ሌላ ጊዜ ብትዋሸኝ…» አለችና ሳል አቋረጣት።

«አልዋሽሽም።»

«ካልጣፈጠህ?»

«አልጣፈጠኝም እልሻለሁ።»

«ሳለቅስም ቢሆን?»

«እያለቀስሽም ቢሆን።»

በማግሥቱ የስኳር ድንች ዳቦ ይዛለት መጣች። አኘከ፣ አኘከ፣ አሰበ። «እርጥብ ፎጣ የማኘክ ያህል ነው» አላት። ቅመሱልኝ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያላት ስድብ የለም።

ከዚያ ጀምሮ ለአፍንጫ ሳይሆን ለጥርስ፣ ለምላስና ለጆሮ ትጋግርለት ጀመር። ሲቆረስ የሚንኮሻኮሽ ቅርፊት፤ ጥርስ ሥር ጠሽ ጠሽ የሚል የተቆላ ሰሊጥ፤ ምላስ የሚቆነጥጥ ቃሪያ፤ አፍ የሚያቀዘቅዝ ናና። እሱም «ቅርፊቱ ይጮኻል፣ ውስጡ ግን ሰንፏል» እያለ አንድ በአንድ ይነግራታል። ያን ቅርፊት አስተካክላ ኬክ ቤት ስትወስደው ሴትዮዋ ኮስተር እንዳለች አንድ ጨረሰች። ሁለተኛም አነሳች። ዳቦው ለሽያጭ የኬክ ቤቱ መስኮት ላይ ወጣ።

እናቷ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ደነገጠች። «አፍንጫ የሌለው ሰው ወደድሽ?» አለቻት። ትንሽ አሰበችና ግን «ቆይ እስቲ፤ ድስት ብታሳርሪ አያውቅብሽም ማለት ነው? ኧረ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሰው በመብራት ተፈልጎም አይገኝ!» አለች።

ሁሉም ነገር ሊሰምር ነው ሲባል አዲስ መከራ መጣ። አንድ ጠዋት አመዶ ወደ ቤታቸው መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። አልገባም። ፊቱ ገርጥቷል። እሷ ከምድጃ ያወጣችውን ትኩስ ዳቦ ይዛ ወደሱ ስትሄድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሸተተኝ» አላት።

ሳህኑ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «እውነትህን ነው? ምን ምን ይላል?»

የገባላት ቃል ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ። «ናፍጣ። ዳቦሽ ናፍጣ ይሸተኛል። ከመንገዱ ወዲያ ሆኜ ነው የሸተተኝ። ሊያስመልሰኝ ነው።»

የሄዱበት ሐኪም፣ አፍንጫ ሲመለስ እንዲህ መንገድ እንደሚስት፣ ሊቃና እንደሚችል፣ መቼ እንደሆነ ግን ማንም እንደማያውቅ ነገራቸው። መታገሥ ነው አላቸው። ለቅመሱልኝ ታገሽ ማለት በረሃብ ላይ ጹሚ እንደማለት ነው። እንጀራዋ ሊሆን የተቃረበው፣ እጇም ልብሷም ጸጉሯም የሚሸተው ዳቦ ነው። አመዶ ደግሞ አጠገቧ ሲቀመጥ ፊቱን ያዞራል።

«ሌላ ሰው ፈልጊ» አላት አንድ ቀን፣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ። «ባልሽ አፍንጫውን ይዞ የሚኖርበት ቤት ምን ቤት ነው?»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው እዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጥ።»

በርጩማውን ከመስኮቱ ውጭ አኖረችለትና እሷ ከውስጥ ሆና የጋገረችውን ሁሉ በቁራሽ በቁራሽ ታቀብለው ጀመር። የበቆሎ።

«ናፍጣ።»

የሽምብራ።

«ናፍጣ።»

የሙዝ።

«ይሄ… ትንሽ ናፍጣ።»

አሮጊቷ ጎረቤት ከበራቸው ላይ ሆነው «ልጆቼ፣ ነዳጅ ማደያ ከፈታችሁ እንዴ?» ይላሉ።

ብዙ ሞከረች፤ ብዙ ደፋች። በመጨረሻ መፍትሔው በአጋጣሚ ተገኘ። ትላንት የተጋገረ፣ ረስታው ያደረ ቀዝቃዛ ቁራሽ ሰጠችው። በላው። ሌላ ጠየቀ። ትኩስ ሲሆን ነው እንጂ አድሮ ሲበርድ አይረብሸውም። ዳቦ ከምድጃ ሳይወጣ በጣቷ የምትቦጭቀዋ ልጅ፣ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ እስከ ነገ ሳትነካው ማሳደር ጀመረች። ያ ሌሊት ይረዝምባታል። ተነስታ በጨርቁ ላይ ትዳስሰዋለች፤ መልሳ ትተኛለች። ጠዋት ሁለቱ አብረው በመስኮቱ ወዲህና ወዲያ ሆነው ይበሉታል። ሲበሉ ጣቶቻቸው ይነካካሉ።

ወራት አለፉ። በርጩማው ከመስኮቱ ወደ ደጁ፣ ከደጁ ወደ ኮሪደሩ ተጠጋ። አባቱም ማሽተቱንም መፍጨቱንም ብቻቸውን መያዝ ሰለቻቸው። «ጆንያ እኔ አሸታለሁ፤ ወፍጮውን አንተ ያዝ» ብለው ወደ ቦታው መለሱት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናብ ይዘንብ ነበር። እናቷ ጎረቤት ሄዳለች። ቅመሱልኝ ትሪውን ምድጃ ውስጥ ከታ በሩን ዘጋች። ዞር ስትል አመዶ ከኮሪደሩ ተነስቶ ኩሽናው መሃል ቆሟል፤ እርጥብ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ዓይኑ የሚፈልገውን ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምን ሸተተህ?»

«ቀረፋ ነው?»

«የብርቱካን ልጣጭ ነው።»

«ብርቱካን ከሆነ እንግዲህ ብርቱካን ይሁን» አለ። «ናፍጣ ግን አይደለም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ናፍጣ አይደለም!»

ሊጥ በነካ እጇ ፊቷን ሸፈነች። እጇን ከፊቷ ላይ አወረደውና ያዘው። ብዙ ጊዜ ሲተያዩ ኖረዋል፤ እንዲህ ተጠጋግተው ግን አያውቁም።

«ስሚ» አላት። «አባቴን አነጋግሬዋለሁ። እናትሽንም ላነጋግር ነው። መጀመሪያ ግን አንቺን፣ ማለቴ አንቺ ፈቃደኛ…»

«እሺ።»

«ገና አልጨረስኩም እኮ!»

«ጨርስ እንግዲህ። መልሱ ያው ነው።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመና ዝናቡ ብቻ ቀረ። ምን ያህል ጊዜ እንዲያ እንደቆሙ ሁለቱም አያውቁም። ድንገት አመዶ አንገቱን ቀና አደረገ። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ።

«አንቺ» አለ ቀስ ብሎ፣ የሚናገረውን ራሱም ሳያምነው። «እያረረ ነው።»

ቅመሱልኝ አሸተተች። እሷ ገና ምንም አልሸተታትም፤ ምድጃውን ስትከፍተው ግን የዳቦው ጠርዝ ጠቁሮ ነበር።